የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ

የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ በጠመንጃ ላይ የሚገጠምና ዒላማውን በብርሃን ነጥብ የሚያመለክት መሣሪያ ነው። ትንሽ ዳዮድ የሚያመነጨውን ቀይ ብርሃን ልዩ ቅብ ያለው ሌንስ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመልሰዋል። ነጥቡ ከሩቅ የመጣ ስለሚመስል ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ማነጣጠር ይቻላል፤ ዒላማውን ግን አያጎላም።

መሠረታዊ ሐሳቡን በ1900 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የአየርላንዱ የቴሌስኮፕ ሠሪ ሃዋርድ ግሩብ ነው። ኤሌክትሮኒክ ዓይነቱን የስዊድኑ ኩባንያ ኤምፖይንት በ1975 ለገበያ አበቃ።

አገጣጠም፦ በቅድሚያ ካዝናው ይነቀላል፤ ማጉረሻው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ማነጣጠሪያው በጠመንጃው አካል አናት ባለው የፒካቲኒ ሐዲድ (ጥርስ ያለው መግጠሚያ) ላይ ይቀመጣል፤ ሊነቃነቅ የሚችለው የእጅ መያዣ አይመረጥም። ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት መሣሪያው ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ተገፍቶ ከሐዲዱ ጥርስ ጋር ይጋጠማል፤ ይህም በተኩስ ግፊት እንዳይንሸራተት ይረዳል።

ማስተካከል፦ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ከ25 ወይም ከ50 ሜትር ከ3 እስከ 5 ጥይት ይተኮሳል፤ የምቶቹ መካከለኛ ቦታ ታይቶ ማስተካከያው ይዞራል። የማስተካከያው መለኪያ የሆነው አንድ የማዕዘን ደቂቃ በ100 ሜትር 2.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በግማሽ የማዕዘን ደቂቃ የሚዘል ማስተካከያ በ50 ሜትር ምቱን በየእርምጃው 0.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል።

ጥንቃቄ፦ ርካሽ ማነጣጠሪያዎች በተኩስ ግፊት ብዛት ማስተካከያቸው ሊዛነፍ ይችላል። በመሆኑም መላላቱን ለማወቅ በብሎኑና በመጋጠሚያው ላይ የቀለም መስመር ማስመር፣ ማስተካከያውን ደጋግሞ መፈተሽና የብረት ማነጣጠሪያውን በመጠባበቂያነት ማቆየት ብልህነት ነው።