የበቆጂ ጫካና የገብስ ማሳ

ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ወዲህ፣ ከብት ስትጠብቅ ስላደገችበት የበቆጂ መስክ ብዙ ተወርቷል። የሩጫ ልምምዱና እርሻው በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ግን ብዙም አይነሳም። እኔ በበቆጂ የምለማመድ ሯጭ ሆኜ በቅርቡ በገብስ እርሻ ላይ በቀን ሠራተኝነት ስለተቀጠርኩ ጉዳዩ ያገባኛል።

በቆጂ ያለችበት አርሲ ከትራክተር ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ መጣ። ምርቱ አደገ፤ ባለመሬቱ ግን ትራክተር ማሳረስ ሲያዋጣው ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተፈናቀለ። ይህን ከልማቱ ታሪክ መዝለል ደግ አይመስለኝም። ዛሬ ሜዳውን ኮምባይነር ያጭደዋል፣ ዳገቱ አሁንም የማጭድ ነው። እኔም የተመደብኩት እዚያው ዳገት ላይ ነው!

ገና ሳይነጋ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተን፣ ተከታትለን በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዝን እንሮጣለን። አሠልጣኙ ዳገት ያዘዘ ቀን፣ ለአጨዳ ጎንበስ ስል ጭኔ ይንቀጠቀጣል።

«ጉልበትህን ጫካ ጥለኸው መጣህ እንዴ?» ይለኛል አለቃዬ።

በመጨረሻ ተስማማን። ዳገት በሮጥኩ ቀን ማጭዱን ለሌላ ሰጥቼ ነዶ እሸከማለሁ፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ለወገብ ይሻላል። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶም እረፍት ሳልጠብቅ፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት በጥብጬ እጠጣለሁ።