የጨረቃ ማደሪያዎች

«ኮከባቸው አልገጠመም» የሚለው ቃል በእኛ አገር ብቻ የሚነገር ይመስለን ነበር። ከአባሎቻችን አንዷ በዚሁ ምክንያት ጋብቻዋ ከፈረሰባት ወዲህ ነገሩ በየቡናው ላይ ሲነሳ ቆየ። እኛም የሌላው አገር ሰው ኮከብን እንዴት እንደቆጠረ ለማወቅ ጥቂት አነበብን።

ጨረቃ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነስታ ወደዚያው ለመመለስ 27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች መንገዷን በሌሊት ልክ ከፋፈሉት፤ ቻይናዎችና ዐረቦች በ28፣ ህንዶች በ27፣ አንዳንዴም በ28። የቻይናው «ሺዩ» እና የዐረቡ «መንዚል» ሁለቱም ማደሪያ ማለት ናቸው። ዐረቦች በእነዚህ ከዋክብት ዝናብንና ወቅትን ይከታተሉ ነበር፤ ቁርኣንም የጨረቃን ማደሪያዎች ይጠቅሳል። እኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው በሦስቱም ዘንድ ማደሪያ ናቸው።

ለእኛ ጨረቃ ሴት ናት፤ በህንድ ተረት ግን ወንድ ነው፣ ያውም የ27 እህትማማቾች ባል። ማደሪያዎቹ ሚስቶቹ ናቸው። በየሌሊቱ አንዷ ዘንድ ማደር ሲገባው ሮሂኒን ብቻ ወደደ። የቀሩት ለአባታቸው ለዳክሻ ስሞታ አቀረቡ፤ አባትየውም እየከሳ እንዲጠፋ ረገመው። ኋላ ርግማኑ ስለላላለት ይኸው እየከሳ እየሞላ ይኖራል። ሴቶቹ ዝም አለማለታቸውን ወደድንላቸው!

በኑሮው ግን ሸክሙ የሴቷ ሆነ። በእኛ አገር ኮከብ የሚቆጠረው ከሰውየው ስምና ከእናቱ ስም ነው። በህንድ ግን ሰው ሲወለድ ጨረቃ የነበረችበት ማደሪያ ይታያል፤ የሁለቱ ተጋቢዎች ተነጻጽሮ ከ36 ነጥብ ይሰላል፣ ከ18 በታች ከሆነ ጋብቻው አይመከርም። «ሙላ» በተባለው ማደሪያ የተወለደች ልጅ ደግሞ ለባሏ አባት ጠንቅ ናት የሚል እምነት አለ። ሕፃኗ መወለጃዋን የመረጠች ይመስል።

የቻይናዎቹ 28 ስሞች በሙሉ ተጽፈው የተገኙበት ጥንታዊ ዕቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በሁቤይ ክፍለ ሀገር ከአንድ መቃብር የወጣ የልብስ ሳጥን ነው። የመቃብሩ ባለቤት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ433 ገደማ የተቀበረው የዜንግ ገዥ ዪ ነው። በክዳኑ ላይ ስሞቹ «ጭልፋ» የሚል ትልቅ ፊደል ከበው ተጽፈዋል፤ በግራና በቀኝ ዘንዶና ነብር ተስለዋል። ገዥው ለብቻው አልተቀበረም። ከ13 እስከ 25 ዓመት ገደማ የሆናቸው 21 ሴቶች አብረውት ተቀብረዋል። በክዳኑ ላይ ከተጻፉት ስሞች አንዱም የእነርሱ አይደለም።