ከጥጥ እርሻ ወደ ጡረተኞች ከተማ

የመሬት ደንብ ተግባሩ የእርሻውን፤ የመኖሪያውንና የንግዱን ቦታ መለየት ነው፡፡ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ግን ደንቡ ከመሬቱ አልፎ የነዋሪውን ዕድሜ እስከ መወሰን ደረሰ፡፡ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፡፡

በፊኒክስ አጠገብ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ያንግታውን የተባለች የጡረተኞች መንደር ተቈረቈረች፡፡ ጃኑዋሪ 1 ቀን 1960 ደግሞ ዴል ዌብ የተባለ ተቋራጭ በአጠገብዋ በነበረው የጥጥ እርሻ ላይ ሰን ሲቲን ከፈተ፡፡ ጡረተኛው ገና ጉልበት አለውና ከእኩዮቹ ጋራ እየተጫወተ ይኑር በማለት፤ የጎልፍ ሜዳውንና የገበያውን ስፍራ አስቀድሞ አሠራ፡፡ የማሪኮፓ ካውንቲም በኋላ የዕድሜን ወሰን በመሬት ደንቡ ውስጥ አገባ፡፡

ዳሩ ግን ልጆች የሌሉበት ከተማ ለትምህርት ቤት ግብር መክፈል ይከብደዋል፡፡ የሰን ሲቲ ነዋሪዎች ለፔዮሪያ ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ የቀረበውን የብድር ሐሳብ በድምፃቸው ደጋግመው ጣሉት፡፡ በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ ባለልጆችን ከቤት መከልከልን ሲያግድ፤ ከመቶ 80ው ቤት 55 ዓመት የሞላው ሰው ለሚኖርበት ሰፈር ግን ፈቃድ ሰጠ፡፡ በያንግታውን አያቶች የልጅ ልጃቸውን በማስጠጋታቸው ክርክር ተነሥቶ፤ የዕድሜው ወሰን በ1998 ቀረ፡፡

እኛ የሽማግሌዎችን ዕረፍት አንነቅፍም፡፡ ነገር ግን የአንዱ ዕረፍት ለጎረቤቱ ልጅ ዕዳ እንዳይሆን፤ መሬቱ ከመከለሉ በፊት ጎረቤቱም ሊጠየቅ ይገባዋል እንላለን፡፡