የጊቫት ኦልጋ ቅባት

በቅርቡ ከጎንደር የመጣች አንዲት ወጣት ቡና ልትጠጣ ቤቴ ገብታ፣ የአደሱን ቅባት መዳፏ ላይ አሸት አሸት አደረገችና “ይኼ እዚህም አገር አለ ለካ!” አለችኝ። ስኒዋን አቀብዬያት ዝም አልኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አልነበረም፤ እዚህ እስራኤል፣ ሀዴራ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ስለ ከተማችን የሚነገረው ከ1891 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፦ ረግረግ፣ ወባ፣ ረግረጉን ያድርቅ ተብሎ የተተከለ ባሕር ዛፍ። እኛ የደረስነው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዘ፤ እኔና እናቴም እዚያ ውስጥ ነበርን። የሀዴራ ሰፈር በሆነው ጊቫት ኦልጋ ቤት ሲሰጠን የአገሬን ሽታ መጀመሪያ ያገኘሁት ከዚያ ባሕር ዛፍ ነው። እናቴ ቅጠሉን ለጉንፋን አፍልታ “ይኼ ካለ ሌላውም አይጠፋም” አለች።

የጠፋው ቅቤው ነው። አገር ቤት ቅባት ማለት ለጋ ቅቤ ነው፤ አደስ ተወቅጦ ይገባበታል፣ ለራስም ለገላም ይሆናል። የሱቁ ቅቤ ወረቀት የለበሰ፣ ሽታ የሌለው ነገር ሆነብን። እጃችን ደግሞ አለቀ። አብዛኞቻችን ጽዳት ነበር የገባነው፤ በረኪናው ጣታችንን ሰነጣጥቆት ማታ ሊጥ ስናቦካ እንባችን ይመጣል። ክሊኒክ ሄጄ የተሰጠኝ ክሬም አንድ ዕቃ እስካጥብ እንኳ አልቆየልኝም። እናቴ እጄን የቀባችኝን ዘይት ሀኪሙ አሽትቶ “ጣይው” ያለኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ የዳስ በዓል፣ ሱኮት፣ አለፈ። በበዓሉ ማግስት እናቴ ከምኩራቡ ደጃፍ የተጣለ ዝንጣፊ አነሳች፣ በጣቷ ፈተገችው፣ አሸተተችውና እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። አደስ ነው! እዚህ በዕብራይስጥ ሀዳስ የሚሉት፣ ለበዓሉ የሚያስሩት ቅጠል፣ የእኛው አደስ። ያን ዕለት ከየምኩራቡ በራፍ ሁለት ፌስታል ሞልተን ተመለስን።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። ቅጠሉን እርጥብ እንዳለ የወይራ ዘይት ውስጥ ነከርነውና ሻገተ። ቀጥሎ በጥላ አድርቀን ወቀጥነው፤ ማሰሮውን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠን ዘይቱን በቀስታ አሞቅነው፤ በነጠላ አጠለልነው። እሱም ዘይት ነውና እንደ ውሃ ፈሰሰ። መላውን ያገኘነው የብርቱካን እርሻ ዳር ቀፎ ካለው ሰው ሰም ስንገዛ ነው፦ ለአምስት እጅ ዘይት አንድ እጅ ሰም። ያን ክረምት በአንድ ደረጃ የምንወጣ ሴቶች እጅ ዳነ። ስምንት ቤት ነበርን፤ ማሰሮው አንድ ነበር።

አሁን ቅባቱን ማን ጀመረው ወደሚለው ጠብ ልምጣ። ከእኛ ቀድመው በሱዳን በኩል የገቡ አንዲት የትግራይ እናት በረንዳቸው ላይ፣ በወይራ ጣሳ፣ ጤና አዳም ነበራቸው። ይኼን ማንም አይክድም፤ ለቡናችን የሚቆርጡልንም እሳቸው ነበሩ። ጤና አዳሙን ግን ቅባቱ ውስጥ ጨመሩት፤ አንዷ ጎረቤታችንም ክንዷን ተቀብታው ባሕር ዳር ዋለች። በነጋታው እሳት የነካው ይመስል ውሃ ቋጠረ፤ ጥቁሩ ምልክት ወራት ቆየ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። እኔ ለቡና እንጂ ለገላ አይሆንም አልኩ፤ እሳቸው “በእጄ ማን ተጎዳ?” ብለው ተቀየሙ። ሁለት ዓመት ቡና አልተጠራራንም። አሁን ልጆቻቸው ሁሉንም የጀመሩት እናታችን ናቸው ይላሉ። የሌላው የሀዴራ ሰፈር፣ የቤት ኤሊዔዘር ሴቶችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ እነሱ ግን ማሰሮ ይዘው የመጡት ከእኛ ሊወስዱ ነው፣ አይቻለሁ።

ዛሬ ወጣቶቻችን ቅባቱን በሚያምር ብልቃጥ ይሸጡታል። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ብልቃጡ ላይ ግን “የኢትዮጵያ ባህላዊ ቅባት” ይልና ያበቃል፤ የእናቴም፣ የዚያች የትግራይ እናትም ነገር የለበትም። አንዳንዱ ውስጥ ጤና አዳም ሸቶኛል። እባካችሁ፣ ያን አውጡ፤ ካላወጣችሁም ፀሐይ አታሳዩት ብላችሁ ጻፉበት።

ለጠየቀኝ ሁሉ ደግሞ የምመልሰው ይኼን ነው፦ ጊቫት ኦልጋ ውስጥ ጤና አዳም የተከሉት የትግራይዋ እናት ናቸው፤ አደሱን ከምኩራብ ደጃፍ ያነሳችው እናቴ ናት።