ጭንቅላት ወይስ ጆሮ?

ስለ መሪ ስናወራ የምንወዳት አንዲት ቃል አለች፤ «ጭንቅላት»። «ሰውዬው እኮ ጭንቅላት ነው!» ከተባለ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። አቶ መለስ ዜናዊ በ2004 ዓ.ም እስኪሞቱ ድረስ በካፌም በታክሲም ስማቸው ሲነሳ፣ ደጋፊው «ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» ብሎ ይገረማል፤ ተቃዋሚውም ቢሆን ወቀሳውን የሚጀምረው «ጭንቅላቱን እንኳ አልክድም፣ ግን…» ብሎ ነበር። በሌላ በምንም የማይስማሙ ሰዎች በዚህች ይስማሙ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትንም የምንመዝነው በዚያው ሚዛን ነው። ስንት ዲግሪ አለው? ያለ ወረቀት ስንት ሰዓት ይናገራል? እንግሊዝኛውስ?

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን ሚዛኑን ራሱን እንመዝነው። አገር ለመምራት እውነት ያን ያህል ጭንቅላት ያስፈልጋል? ነገሩን በዛሬዎቹ ላይ ከጀመርነው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳንሄድ በየጎራችን ስለምንሰለፍ፣ ታሪክ ወደመዘናቸው ሁለት ነገሥታት ብንሄድ ይሻላል፤ ወደ አባ ታጠቅ እና ወደ አባ ዳኘው።

ቋረኛው ካሳ

በንጹህ የአእምሮ ፍጥነት ከሄድን፣ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ከነገሡብን ሰዎች አፄ ቴዎድሮስን የሚቀድም ማግኘት ይከብዳል። በ1811 ዓ.ም አካባቢ ቋራ ውስጥ የተወለዱት ካሳ ኃይሉ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሱ፤ ቀጥሎ ሸፈቱ። በ1840 ዓ.ም በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥመው ተሸነፉ። ሌላው ቢሆን ዕድሉን አማርሮ ቁስሉን ያስታምም ነበር። ካሳ ግን ጀግንነት ብቻውን በመድፍና ሥነ ሥርዓት ባለው ጦር ፊት እንደማይቆም እዚያው ተማሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልረሱትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ያስደነግጣል። በ1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ጣሉ። ዘመነ መሳፍንት የተባለው፣ ለሰማንያ ምናምን ዓመታት አገሩን የከፋፈለ ሥርዓት፣ በአንድ ሽፍታ እጅ በጥቂት ዓመታት ተጠናቀቀ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሳ «ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ።

ሐሳባቸውስ? ወታደር በደመወዝ ይኑር እንጂ ገበሬ አይዝረፍ አሉ። የባሪያ ንግድ ይቅር አሉ። ቤተ ክርስቲያን ከምትፈልገው በላይ የያዘችው መሬት ለሠራዊቱ ቀለብ ይዋል አሉ። መንገድ ሲጠረግ ራሳቸው ድንጋይ ተሸከሙ። ዜና መዋዕላቸው በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ተጻፈ። የእጅ ባለሙያ የነበሩትን የውጭ ሚሲዮናውያን ጋፋት ላይ ሰብስበው «መድፍ ሥሩልኝ» ቢሏቸው፣ ሰዎቹ «ሠርተን አናውቅም» አሉ፤ ንጉሡም «ትሠራላችሁ» አሉ፤ ተሠራም። እነዚህን የቤት ሥራዎች አገሪቱ ከመቶ ዓመት በኋላም አልጨረሰቻቸውም።

ታዲያ ይህን ያህል ያሰበ ሰው እንዴት መቅደላ አፋፍ ላይ ብቻውን ቀረ?

ቴዎድሮስ ሐሳብ ሞልቷቸው ነበር፤ ያጡት ሐሳቡን የሚሸከምላቸው ሰው ነው። ካህናቱ በመሬቱ ጉዳይ ሲከራከሯቸው ማግባባትም ማዘግየትም አልሆነላቸውም፤ መሬቱን ወሰዱ፣ በ1856 ዓ.ም ደግሞ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን አሰሩ። በየመንደሩ ደጋፊ ሊያደርጋቸው የሚችለው ብቸኛው ተቋም በየመንደሩ ጠላታቸው ሆነ። በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ስድቡ እውነተኛ ስድብ ነበር፤ የእንግሊዙን ቆንስል ማሰር ግን ለስድቡ መልስ አልሆነም፤ ጦር ጎትቶ አመጣ። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አቃጠሉ። የአገሬ ሰው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ንጉሡን ደፍረው «ጃንሆይ፣ ይህ አይሆንም» ማለት የሚችሉ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች እና ሊቀ መኳስ የተባለው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ከነሱ መካከል ነበሩ። ተዋበች በ1850 ዓ.ም ሞቱ። ቤልም በ1853 ዓ.ም ከሽፍቶች ጋር በተደረገ ውጊያ ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ጆሮው አብሮ ተቀበረ።

13 ሺህ ያህል ወታደር ያለው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነስቶ እስከ መቅደላ ሲጓዝ በመንገዱ ያገኘው ስንቅ የሚሸጥለትን እንጂ የሚዋጋውን አልነበረም። ቴዎድሮስ ያን ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ወራት ፈጅተው በተራራ ላይ እየጎተቱ ሲያወጡ፣ አብሯቸው የሚጎትተው ሠራዊት በየቀኑ ይከዳ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ሽጉጣቸውን ጠጡ።

የመቅደላው ተማሪ

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም ሲሞቱ ልጃቸው ምኒልክ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ቴዎድሮስ ይዘዋቸው ሄዱ፤ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፣ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ እስኪያመልጡ ድረስ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ያን ፈጣን አእምሮ በቅርብ አዩ። ከዚህ የተሻለ የአመራር ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ምን ማድረግ እንደሚገባም፣ ምን ማድረግ እንደማይገባም የሚታይበት።

ምኒልክ ሞኝ ነበሩ እያልኩ እንዳይመስልባችሁ። አዲስ ማሽን ባዩ ቁጥር ፈታተው ካላዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ ጠያቂ ሰው ነበሩ። ግን የጦር ሊቅነት ይሁን የሥር ነቀል ለውጥ ሐሳብ ከተባለ ከቴዎድሮስ ጎን አይሰለፉም። የሳቸው ችሎታ ሌላ ነው፤ መጠበቅ፣ መሸነፍን መቻል፣ ከራሳቸው የበለጠ የሚያውቀውን ሰው አጠገባቸው ማስቀመጥ።

በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ሲመጡ ምኒልክ አልተዋጉም። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ፤ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ ጥለው «ንጉሥ» በሚለው ረኩ። ቴዎድሮስ ይህን ያደርጉ ነበር? አይመስለኝም። ምኒልክ ግን 11 ዓመት ጠብቀው ያንኑ ማዕረግ አገኙት። በ1874 ዓ.ም እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ሲማርኩ ቁስላቸውን አስታመሙ፤ ኋላም ወደ አገራቸው መለሷቸው። በ1888 ዓ.ም ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው አድዋ ላይ ተገኙ። የይቅርታው ወለድ ይህ ነው።

ስለ ውጫሌ ውል ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ግን አንዷን ነገር ልብ በሉ፤ ምኒልክ ተታለዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው፤ ለአውሮፓ ነገሥታት የንግሣቸውን ዜና ልከው «በጣሊያን በኩል ጻፉልን» የሚል መልስ ሲመጣ። እጅግ ብልህ ነው የምንለው መሪ ትልቁን ፈተና በመጀመሪያው ዙር ወድቋል። ያዳናቸው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ቆንስል አላሰሩም፤ ደብዳቤ ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ መሣሪያ ሰበሰቡ፣ በ1885 ዓ.ም ውሉን ሻሩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ተዘጋጅተው ጠበቁት።

ሃምሳ ሎሚ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አድዋ የሃምሳ ሰው ጌጥ ነበር። የጣሊያኑን መልእክተኛ አንቶኔሊን ፊት ለፊት ተከራክረው አሳፍረው የመለሱት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። መቀሌ እንዳየሱስ ላይ ምሽጉን በመድፍ መደብደብ ሰው ሲፈጅ፣ ውሃውን እንያዝባቸው ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ ምሽጉ በጥማት ተለቀቀ። ጣሊያን የራሱ ሰላይ መስሎት የላከው ባሻይ አውዓሎም የተሳሳተ ወሬ ወሰደለት። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የአውሮፓን ተንኮል ያስረዳ ነበር። ራስ መኮንን፣ ራስ አሉላ፣ ራስ መንገሻ ዮሐንስ… ከነዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ቀድሞ የምኒልክ ተቀናቃኞች ወይም የተቀናቃኞቻቸው ሰዎች ነበሩ።

ምኒልክ የሠሩት ሥራ ይህን ሁሉ ጭንቅላት በአንድ ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥና ሳይጣላ ማቆየት ነው። ትንሽ ሥራ ይመስላል? ሞክሩት፤ አምስት ጓደኛሞች እራት የት እንደሚበሉ መስማማት ሲያቅታቸው አይታችኋል።

«ምኒልክ ዕድለኛ ነበሩ» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ሸዋ የተረጋጋ መሠረት ነበራት፤ ከደቡብና ከምዕራብ የሚመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ መሣሪያ ይገዛ ነበር። ቴዎድሮስ ይህ አልነበራቸውም። ያ ሀብት የተገኘበት መንገድም ንጹህ አልነበረም፤ በ1887 ዓ.ም ወላይታ ላይ የተደረገው ዘመቻ ያስከተለው እልቂትና ዘረፋ የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። «እምዬ» የተባሉት መሪ ለሁሉም «እምዬ» አልነበሩም። የሚሰማ ጆሮ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ ነው የሚሰማው፤ ከድንኳኑ ውጭ ያለው ጩኸት አይደርሰውም።

ፈረንጆቹስ?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው ብቸኛው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ናቸው። የዓለም መንግሥታት ማኅበርን አሰቡ፤ አገራቸው እንድትገባበት ግን ከሴኔቱ ጋር ጥቂት ቃላት ለመለዋወጥ እምቢ ብለው በ1919 እና በ1920 እ.ኤ.አ. ውሉ ውድቅ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያልነበራቸው ሃሪ ትሩማን ደግሞ ጆርጅ ማርሻልን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ፤ አውሮፓን ያቆመው ዕቅድም በራሳቸው ስም ሳይሆን በማርሻል ስም እንዲጠራ አደረጉ።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ሮበርት ሙጋቤ አሉ፤ ሰባት ዲግሪ፣ የተወሰነውንም እስር ቤት ሆነው የተማሩት። በ2008 እ.ኤ.አ. የአገራቸው ገንዘብ ዋጋ አጥቶ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የመቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት ታተመ። ከሰባቱ ዲግሪዎች አንዱ ኢኮኖሚክስ ነበር። ሰውዬው ያጡት ዕውቀት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የጆሮም ዕድሜ

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይለን ነበር፤ «ምኒልክን የመሰለ ሰሚ ይስጠን» ብለን አሜን እንል ነበር። ታሪኩ ግን አላለቀም። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም ነው፤ ሕመሙ ሊጥላቸው ሲቃረብ። ያን ሁሉ ጭንቅላት በአንድ ድንኳን ያቆየው የሳቸው ፊት፣ የሳቸው ትዕግሥት፣ የሳቸው ማመዛዘን እንጂ ሕግ ወይም ተቋም አልነበረም። በ1901 ዓ.ም የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ሲሞቱ መንግሥት ሞታቸውን ሸሸገ። በመስከረም 1909 ዓ.ም ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ በወሩ አድዋ ላይ አብሮ የዘመተው አገር ሰገሌ ላይ ተላለቀ።

አማርኛችን ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ነው መሰለኝ፤ ለዚህ ነገር አንድ ቃል ብቻ አልሰጠም። ብልጥ አለ፣ ጮሌ አለ፣ ሊቅ አለ፣ ብልህ አለ፣ አስተዋይ አለ። «ጭንቅላት ነው» ስንል ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንጨምራቸዋለን። ይባስ ብሎ፣ ጭንቅላት ነው ያልነውን ሰው እሱ ያስብልን ብለን እንተወዋለን፤ የሚቃወመውን «ካንተ ይበልጥ ያውቃል» ብለን ዝም እናሰኘዋለን። ተዋበችንም ቤልንም እኛው ቀበርናቸው ማለት ነው።

መሪ ደንቆሮ ይሁን የሚል የለም። የቀረበለትን ነገር መረዳት፣ ሲታለል ማወቅ አለበት። ከዚያ በላይ ያለው የአእምሮ ፍጥነት ግን ትርፍ ነው፤ አንዳንዴም ዕዳ። ስለዚህ የሚቀጥለውን መሪ ስንመዝን ስለ ዲግሪው ከመጠየቃችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አጠገቡ እነማን አሉ? ከነሱ ውስጥ «አይሆንም» ብሎት በሹመቱ የቆየ አለ? እሱ የታመመ ዕለትስ ማን፣ በየትኛው ሕግ ይሠራል?

ሦስተኛውን ምኒልክም አልመለሱትም። እኛም እስከ ዛሬ ገና ነን።