የብስክሌት ሞተር ኪት

የብስክሌት ሞተር ኪት በተራ ብስክሌት ላይ ተገጥሞ በሞተር ኃይል እንዲሄድ የሚያደርግ የዕቃዎች ስብስብ ነው። ስብስቡ አብዛኛውን ጊዜ ሞተር፣ ኃይልን ወደ ጎማ የሚያስተላልፍ ካቴና ወይም ቀበቶ፣ የቤንዚን ታንክ ወይም ባትሪ፣ የፍጥነት መስጫ እጀታ እና ማሰሪያ ቡሎኖችን ይይዛል። ፔዳሉ ከቦታው ስለማይነሳ አሽከርካሪው ሞተሩን አጥፍቶ በእግሩ መንዳት ይችላል። ኪት ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የሞተሩ ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ ወሳኙ ጥያቄ ብስክሌቱ ያንን ጉልበት መሸከምና ማቆም መቻሉ ነው።

ታሪክ

ብስክሌትን በሞተር የማንቀሳቀስ ሙከራ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንፋሎት ሞተር ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 ለገበያ የቀረበው «ዊዘር» የተባለው ኪት 138 ሲሲ የሆነ ባለአራት ምት ሞተር ነበረው።

ኪቶች በስፋት የተሰራጩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጦርነቱ በተጎዱት አገሮች መኪና ውድ፣ ቤንዚንም እጥረት ያለበት ስለነበር ብዙ ሰው ያለውን ብስክሌት ወደ ሞተር መለወጥን መረጠ። በጣልያን ዱካቲ እ.ኤ.አ. በ1946 «ኩቾሎ» የተባለውን 48 ሲሲ ሞተር ማምረት ጀመረ፤ ስሙ በጣልያንኛ «ቡችላ» ማለት ነው። በፈረንሳይ በዚያው ዓመት የወጣው «ቬሎሶሌክስ» ሞተሩን ከፊት ጎማ በላይ ይዞ በሚሽከረከር ሮለር ጎማውን የሚገፋ፣ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ብስክሌት ነበር።

በጃፓን ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1946 ከጦር ሠራዊት የተረፉ የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን ገዝቶ በብስክሌት ላይ ይገጥም ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1952 «ካብ ኤፍ» የተባለውን 50 ሲሲ ገደማ የሆነ ኪት አወጣ፤ በመላ አገሪቱ ለሚገኙ የብስክሌት መደብሮችም ደብዳቤ በመላክና ኪቱን በካርቶን አሽጎ በማቅረብ ሸጠው።

ዓይነቶች

ባለሁለት ምት የቤንዚን ኪት፦ ሞተሩ በቴላዮው (የብስክሌቱን አካል በሚሠሩት ቱቦዎች) መካከል ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ይታሰራል። ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ድምፁ፣ ጭሱና ንዝረቱ ይበዛል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ቅልቅሉ 20 ለ 1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል። ዘይቱ ከተረሳ ፒስቶኑ በአጭር ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊነክስ ይችላል። በገበያ ላይ «80 ሲሲ» ተብለው የሚሸጡ ብዙ የቻይና ኪቶች የሲሊንደራቸው ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶናቸው ጉዞ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሲሰላ የሚገኘው 66 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው።

ባለአራት ምት የቤንዚን ኪት፦ ዘይቱ ለብቻው ይቀመጣል፤ ድምፁና ጭሱም ያንሳል። ሆኖም ሞተሩ ከባድና ሰፊ በመሆኑ ፔዳል የሚመታ እግርን እንዳይነካ ቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ኪት፦ ሞተሩ በጎማው እምብርት ወይም በፔዳሉ ዘንግ ላይ ይገጠማል። የጎማ እምብርት ሞተር አገጣጠሙ ቀላል ነው። የፔዳል ዘንግ ሞተር ግን የብስክሌቱን ማርሾች ስለሚጠቀም ለዳገት የተሻለ ነው፤ በአንጻሩ ካቴናውን ቶሎ ይበላል።

የብስክሌቱ ብቃት

በአሽከርካሪና በብስክሌት ላይ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት እጥፍ ሲሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ብስክሌት ለማቆም ፍሬኑ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት መዋጥ አለበት። ፔዳል ወደኋላ በመርገጥ ብቻ የሚሠራ ፍሬን ለዚህ አይበቃም፤ የፊት ፍሬን የግድ ያስፈልጋል። በብዙ የቤንዚን ኪቶች የግራ እጅ ፍሪሲዮን ስለሚይዝ ሁለቱን የፍሬን ሽቦዎች በአንድ እጀታ የሚስብ የቀኝ እጀታ መግጠም የተለመደ ነው።

የብረት ቴላዮ ንዝረትን ከስስ አሉሚኒየም የተሻለ ይቋቋማል። አሉሚኒየም በተደጋጋሚ ንዝረት ሊሰነጠቅና ሳይታሰብ ሊሰበር ይችላል። በብዙ ኪቶች የኋላው ባለጥርስ ማርሽ በጎማው ሽቦዎች ላይ በላስቲክ ተደግፎ ስለሚታሰር ሽቦዎቹ እየላሉ ይሄዳሉ። የካቴና መወጠሪያው ቡሎን ላልቶ መወጠሪያው ወደ ሽቦዎቹ ከገባ ደግሞ የኋላ ጎማውን በቅጽበት ሊቆልፈው ይችላል። በዚህ ምክንያት ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ቡሎኖችን በሙሉ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የጎማ እምብርት የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ዘንጉ ከመቀመጫው ተጣሞ እንዳይወጣ የሚይዝ ተጨማሪ የብረት ክንድ ይፈልጋል።

ፍጥነት፣ ዳገትና ከፍታ

የማርሽ ጥርስ ብዛት ፍጥነትንና የዳገት ጉልበትን ያፈራርቃል። በተለመደው ባለሁለት ምት ኪት ሞተሩ ውስጥ 4.1 ጊዜ፣ ከ10 ጥርስ ወደ 44 ጥርስ ሲተላለፍ ደግሞ 4.4 ጊዜ ሽክርክሪቱ ይቀንሳል። ድምሩ 18 ጊዜ ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢሽከረከር 26 ኢንች ጎማ ያለው ብስክሌት በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የኋላው ማርሽ 36 ጥርስ ቢሆን ፍጥነቱ ወደ 42 ያድጋል፤ ዳገት ላይ ግን ይደክማል።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። የባሕር ወለል ላይ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የቤንዚን ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነም ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላውን ያጠቁራል፤ መፍትሔው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም።

የባትሪ አቅም

የባትሪ አቅም የሚገኘው ቮልቱን በአምፔር ሰዓት በማባዛት ነው። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። ለአንድ ኪሎ ሜትር 12 ዋት ሰዓት ቢፈጅ 30 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ ዳገት፣ ጭነትና ነፋስ ርቀቱን ያሳጥሩታል። የሊቲየም ባትሪ በማይመጥነው ቻርጀር ከተሞላ ወይም ተመትቶ ከተጎዳ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በራሱ ቻርጀር መሞላት አለበት።

ሕግ

በአውሮፓ ኅብረት አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት ካልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ ካገዘ እና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ካቆመ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል የሸቀጥ ደኅንነት ሕግ ገደቡ ከ750 ዋት በታች የሆነ ሞተርና በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገድ አጠቃቀሙን ግን የሚወስኑት ክፍለ ግዛቶች ናቸው። የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት በብዙ አገሮች ከሞተር ሳይክል ወገን ስለሚቆጠር መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ ሊጠየቅበት ይችላል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኪቱ በሱቅ መሸጡ ብቻውን በመንገድ ላይ መንዳት ተፈቅዷል ማለት አይደለም።