የጋማ ጨረር ምስል በኒውትሮን ልኬት

ኒውትሮን የዋጠ የአቶም አስኳል ወዲያው ጋማ ጨረር ይለቃል፤ ይህን ጨረር መቁጠር ከብረት የከበዱ ንጥረ ነገሮች በከዋክብት ውስጥ እንዴት እንደተሠሩ ለማስላት ይረዳል። ችግሩ ብዙ ኒውትሮኖች ናሙናው ሳይውጣቸው ነጥረው የሙከራ አዳራሹን ግድግዳ መምታታቸው፣ ግድግዳውም የራሱን ጋማ ጨረር መልቀቁ ነው። የተለመዱት መመርመሪያዎች ጨረሩ መድረሱን እንጂ ከየት እንደመጣ አይለዩም። በእርሳስ መከለል ይቻላል፤ ነገር ግን ናሙናው አጠገብ የሚቆለል ማናቸውም ቁስ ራሱ ኒውትሮን ስለሚበትንና ስለሚውጥ ሌላ የረብሻ ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ አቅጣጫን መለየት መከለያ ከመደራረብ የተሻለ መንገድ ነው።

በስፔን ቫሌንሲያ የተነደፈው አይ-ቴድ የተባለ መመርመሪያ የተሠራው ለዚሁ ነው። ጨረሩ በፊተኛው የላንታነም ክሎራይድ ክሪስታል ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ በኋለኛው ይዋጣል። አርተር ኮምፕተን በ1923 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር በሁለቱ ከተተወው ጉልበት ተነስቶ ጨረሩ ሊመጣበት የሚችለውን ሾጣጣ ይሰጣል፤ ሾጣጣው ከናሙናው የራቀ ከሆነ ምልክቱ ይጣላል። ሁለቴ የሚመዘገብ ጨረር ጥቂት ነው የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። ሆኖም የቁጥር ማነስ በረጅም ልኬት ይካካሳል፤ በስህተት የተገመተ ረብሻ ግን ልኬቱ ስለረዘመ አይጠፋም። በሰርን ኤን-ቶፍ ተቋም በወርቅና በብረት-56 የተደረገው ሙከራም በ10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የኒውትሮን ጉልበት አካባቢ ከተለመዱት መመርመሪያዎች 3 እጥፍ ገደማ የላቀ ትብነት አሳይቷል። ዘዴው ግን ገደብ አለው፤ ሾጣጣ ነጥብ ስላልሆነ ከግድግዳው የመጣ ጨረር አንዳንዴ ማለፉ አይቀርም። ከሁሉ የሚከብደው ናሙናው ራሱ ራዲዮአክቲቭ ሲሆን ነው፤ ያ ጨረር ከሚፈለገው ጋር ከአንድ ቦታ ስለሚነሳ ምስሉ ሊለየው አይችልም።